በግንቡ ላይ ያለው ቀለበት

ናዝሬት ታሪካዊ እምብርት እንዳላት ያወቀችው በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በስልክ ነው። የተደወለው ከአዲስ አበባ ነበር። ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ የታሪክ ምሁራን ወደ ሶደሬ ሲያልፉ ግማሽ ቀን ናዝሬት ይቆያሉ፣ የከተማዋን ታሪካዊ እምብርት በእግር ይጎበኛሉ፣ ሌላ ሰው ልብ የማይላቸውን ጥቃቅን ነገሮች ማየት ይወዳሉ አለና ደዋዩ ዘጋ።

ስልኩን ያነሳው ጓድ ኢተፋ ነበር። በከተማዋ ሰልፉም፣ መፈክሩም፣ እንግዳውም በእሱ እጅ የሚያልፍ ወጣት ካድሬ ነው። ታሪካዊው እምብርት የት እንደሆነ ደዋዩን አልጠየቀም፤ መጠየቅ አለማወቅ ነው። ወደ ቀበሌ ሄዶ ሊቀመንበሩን ጠየቀ። ሊቀመንበሩም አያውቅም ነበርና ንዋይን አስጠራ።

ንዋይ ጡረታ እስኪወጣ ዕድሜውን በባቡር ጣቢያው መስኮት ሥር ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። መንገደኛ የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ የማያውቀውንም ጭምር። በዚህ የተነሳ ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ተብሎ ይቆጠር ነበር።

“ጓድ ንዋይ፣ ታሪካዊው እምብርት የት ነው?” አለው ኢተፋ።

ንዋይ ትንሽ አሰበ። “እኛ ሰፈር ነው” አለ።

ይህን ያለው በምክንያት ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀብቶ ነበር። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሰልፍ ሜዳ ስለሚያስፈልግ ከጣቢያው በታች ያለው ረድፍ በሙሉ ሊፈርስ ነው። የንዋይ ቤት በረድፉ መሐል ነበር። መሰለችን ያገባው እዚያ ነው፤ ልጆቹ እዚያ ተወልደው እዚያ አድገው ወጥተዋል።

ማታ ለሚስቱ ነገራት።

“ፈረንጆቹ ቤቱን ካደነቁት ኢተፋ አያፈርሰውም።”

“ምኑን ነው የሚያደንቁት?” አለች መሰለች።

“ታሪኩን።”

“አንተ ሰውዬ! ታሪኩ ምንድን ነው? አብዱናሲር የበቆሎ መጋዘን ብሎ ሠራው፤ በቆሎው ነቀዘበትና ለእኛ አከራየን። አለቀ።”

“ግንቡ ወፍራም ነው።”

“አይጥ እንዳይገባ ነዋ!”

አብዱናሲር እህል ነጋዴ ነበር፤ አባቱ ከየመን የመጡ። ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ ሳይታወጅ ሞተ። በረመዳን ሾርባ ይልክላቸው የነበረ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ራሱ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣ አከራይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለታሪክ አይመችም።

እንግዶቹ ሐሙስ ጠዋት ደረሱ። አለቃቸው ፀጉሩ ነጭ የሆነ፣ አጭር ሱሪ የለበሰ ፕሮፌሰር ነው። አስተርጓሚያቸው ሣራ የምትባል የናዝሬት ልጅ ነበረች። ጀርመንኛውን እዚያው ጀርመን ተምራዋለች፤ አስተዳደጓ ግን ከጴንጤ ቤት ስለሆነ ውሸት አትናገርም። ለአስተርጓሚ አስቸጋሪ ጠባይ ነው። እሷ ግን ዘዴ ፈጥራለታለች፦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር “እሱ እንደሚለው” ብላ ትጀምራለች።

ለእንግዶቹ ክብር ጋሪ ከዋናው መንገድ ታግዷል። ኦቦ ገመዳ የተባሉት የንዋይ ጎረቤት ፈረሳቸውን ፈተው፣ ጋሪያቸውን አቁመው፣ ሥራ ስለሌላቸው ጉብኝቱን ከኋላ ተከተሉ።

ንዋይ ከጣቢያው ጀመረ። በሕይወቱ ቀና ብሎ አይቶት የማያውቀውን የጣሪያ ጠርዝ አሳየ። ቆርቆሮው ዙሪያውን እንደ ዳንቴል ተበስቷል። ፕሮፌሰሩ አንገቱን አቅንቶ ቆመ።

“ማን ሠራው ይላል” አለች ሣራ።

የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ በንጉሥ ፈቃድ። ንዋይ ኢተፋን አየ። ኢተፋ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

“ሰፊው ሕዝብ” አለ ንዋይ።

“እሱ እንደሚለው፣ ሰፊው ሕዝብ” አለች ሣራ በጀርመንኛ።

ቀጥሎ ድሮ የጣሊያን የነበረ ዳቦ ቤት ነበር። የደጃፉ ድንጋይ መሐሉ ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ፕሮፌሰሩ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ንዋይ በዚያ ድንጋይ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ተራምዷል፤ ጎድጓዳነቱን ያወቀው አሁን ነው። ከደጃፉ በላይ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” የሚለው መፈክር ቀለሙ ተነስቷል። በተነሳበት በኩል የጃንሆይ ዘመን “እንኳን አደረሰዎ” ብቅ ብሏል። ከዚያም ሥር የጣሊያን ፊደል ይታያል። ፕሮፌሰሩ በጥፍሩ ሊፍቅ እጁን ሲያነሳ ኢተፋ መሐል ገባ።

“ይህ በዕድሳት ላይ ያለ ነው” አለ።

“ማን ሠራው ይላል።”

“ሰፊው ሕዝብ።”

“ጋሼ ንዋይ፣ እንደገና?” አለች ሣራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“ብዙ ነዋ ሕዝቡ! ተርጉሚው።”

የአርመኑን በረንዳ፣ የየመኑን ሐድራሚ ሱቅ የበር ቅርጽ፣ የሕንዱን ልብስ ሰፊ መስኮት አሳየ። ሁሉንም ሰፊው ሕዝብ ሠራቸው። ከኋላ ኦቦ ገመዳ ለራሳቸው አጉረመረሙ። “እኛ ይህን ሁሉ ስንሠራ እኔ የት ነበርኩ?”

በመጨረሻ ወደ ቤቱ ደረሱ። መሰለች ከገመድ ላይ ልብስ አንስታ፣ የበሶብላውን ጣሳ መስኮቱ ላይ አስተካክላ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ በስንጥቁ ታያለች። ፕሮፌሰሩ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቃኘው። ዓይኑ ቀዩ ምልክት ላይ ቆመ።

“ይህ ምንድን ነው ይላል።”

“ለበዓሉ የተመረጡ ቤቶች ናቸው” አለ ኢተፋ።

ፕሮፌሰሩ ራሱን ነቀነቀና ሰዓቱን አየ። ዞረ። የሶደሬው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ንዋይ ያየው ነገር ቢኖር የፕሮፌሰሩን ጀርባ ነው። የማርክሲስት ጀርባ ሲሄድ ቤት ይፈርሳል።

“ቆይ! ቀለበቱን ሳያዩ!” ብሎ ጮኸ።

ከበሩ በስተቀኝ፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግንቡ ውስጥ የተቀበረ የዛገ የብረት ቀለበት አለ። የተከለው ራሱ ንዋይ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ለፋሲካ የገዛው በግ ገመዱን በጥሶ እስከ ጣቢያው አስሮጥቶት ነበር፤ ከባቡር ፊት ነው ተጎትቶ የወጣው። በማግስቱ ኦቦ ገመዳ ከአሮጌ ጋሪያቸው ቀለበት ነቅለው አመጡ፤ ሁለቱ ሆነው ግንቡን በስተው ተከሉት። ከዚያ ወዲህ የፋሲካውም የእንቁጣጣሹም በግ እዚያ ይታሰራል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፕሮፌሰሩ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን ሳበው፤ ኪው አለ።

“ምን ይታሰርበት ነበር ይላል።”

ንዋይ ግመል ሊል ነበር። ግመል ግን የነጋዴ ነው፤ የነጋዴ መጋዘን ነበር ተብሎ ማንም ቤት አያተርፍም።

“ሰው” አለ።

“ሰው?” አለች ሣራ።

“ሰው። ጭሰኛ። ግብር ያልከፈለ።”

ሣራ ንዋይን ለረጅም ጊዜ አየችው። “እሱ እንደሚለው፣ ሰው” አለች።

ከእንግዶቹ አንደኛዋ ሴት ባርኔጣዋን አወለቀች። ኢተፋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ያዘ።

“ለምን ዝቅ ብሎ ተተከለ ይላል።”

“ይንበረከኩ ነበር።”

ኢተፋ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። ዓይኑ ኦቦ ገመዳ ላይ አረፈ። በዕድሜ የገፉ፣ የጎሰቆሉ፣ ኦሮሞ፤ ለምስክርነት የሚጎድላቸው ነገር የለም።

“አባት፣ ይህን ቀለበት ያውቁታል?”

ኦቦ ገመዳ ቀለበቱን አዩ። ንዋይን አዩ። በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን የመሰለችን ዓይን አዩ። በዚያች ሴት እጅ ብዙ በልተዋል።

“አውቀዋለሁ እንጂ!” አሉ። “አላውቀውም እንዴ! ይቺን ጣቴን ያበላሸብኝ እሱ አይደል?” ጥፍር የሌለውን አውራ ጣታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ቀለበቱን ሲተክሉ በመዶሻ የሳቱት ጣት ነው። “በአያናዬ እምላለሁ! ደሜ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው የፈሰሰው። ጠይቁ፣ ሰፈሩ ያውቃል።”

ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ሰፈሩ ራሱን ነቀነቀ። ፕሮፌሰሩ ጣቱን ፎቶግራፍ አነሳው።

ያን ቀን ማታ መሰለች አልሳቀችም። “በአብዱናሲር ላይ እንዲህ ይባላል? ነፍሱን ይማረውና፣ ያ ሰው ዶሮ እንኳ አስሮ አያውቅም” አለች።

“ስሙን አልጠራሁም። ደግሞ ሞቷል፤ ቤት አያስፈልገውም።”

“እኛ ግን አልሞትንም ነው የምትለኝ?”

“እሱን ነው የምልሽ።”

በሳምንቱ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ቀዩን ምልክት በኖራ አጠፋው። ንዋይ ሠራተኛውን ቢራ ጋበዘው። በሌሎቹ ቤቶች ላይ ምልክቱ እንዳለ ቀረ። ሰኔ ሲገባ ግሬደር መጣ። ረድፉ ከግራም ከቀኝም ፈረሰ፤ የዳቦ ቤቱ ድንጋይም፣ የአርመኑ በረንዳም፣ የኦቦ ገመዳ ቤትም ጓሮም ሄደ። የንዋይ ቤት ብቻውን እንደ አንድ የቀረ ጥርስ ቆመ። ንዋይ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ አቧራውን ሲያይ ዋለ። ደስታውን ላለማሳየት ብዙ ጥሯል፤ አልተሳካለትም።

ግሬደሩ በሄደ ማግስት ኢተፋ መጣ። ፊቱ ያበራል።

“ጓድ ንዋይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ቤቱ የጭቆና ቤተ መዘክር እንዲሆን ተወስኗል።”

“ቤቱ?”

“አዎ። ለበዓሉ ይከፈታል። ስለዚህ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ለቃችሁ ትወጣላችሁ።”

መሰለች ከጓዳ ወጣች። “የት ነው የምንወጣው?”

“ቤት ይሰጣችኋል፣ እማማ። አብዮቱ ማንንም ሜዳ ላይ አይጥልም።”

“የፈረሰባቸው ሰዎች ሁለት ሁለት ክፍል አግኝተዋል። ለእኛስ?” አለ ንዋይ።

ኢተፋ በትዕግሥት አስረዳው። “እነሱ ተፈናቃይ ናቸው፤ ቤታቸው ፈርሷል። የናንተ አልፈረሰም። ባልፈረሰ ቤት እንዴት ተፈናቃይ ትባላላችሁ?” ትንሽ አሰበና ጨመረ። “አንድ ክፍል ይገኛል። ከወንጂ መንገድ ወዲያ። ደግሞ አንተ አስጎብኚ ሆነህ ተመድበሃል። ከአንተ የበለጠ ቤቱን የሚያውቅ የለም።”

በዚህ የተነሳ ንዋይ የወሬ ምንጭ ከመሆን ወደ መንግሥት ሥራ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ከወንጂ መንገድ ማዶ ተነስቶ፣ በአቧራው ውስጥ በእግሩ ተጉዞ፣ የገዛ ቤቱን በቀበሌው ቁልፍ ይከፍታል። በሩ ላይ “እግር በደንብ ጥረጉ” የሚል ተለጥፏል። መሰለች ዕድሜዋን ሙሉ ያለችው፣ ማንም ያልሰማት ቃል ነው።

መኝታ ቤታቸው የባላባቱ ክፍል ሆነ። ከሶደሬ አንድ የተሰበረ ወንበር አምጥተው አስቀመጡበት። ጓዳው የስቃይ ክፍል ነው። መሰለች አንድ ቀን ከሴቶች ማኅበር ጋር ተሰልፋ ለጉብኝት መጣች። ሌሎቹ ሲገቡ አብራ ገባች። ንዋይ እንዳላያት ሆኖ ቀጠለ።

“በዚህ ግድግዳ ላይ የምታዩት ጥላሸት” አለ በዱላ እያመለከተ፣ “ጭሰኞችን ለማስፈራራት ሌት ተቀን ይነድ ከነበረ እሳት የመጣ ነው።”

“ሽንኩርት የጠበስኩበት ነው” አለች መሰለች።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ዞር ብላ አየቻት። “እትዬ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው።”

ኦቦ ገመዳ ዓርብ ዓርብ ምስክርነት ይሰጣሉ። በመጀመሪያ እየፈሩ ነበር፤ ሲቆይ ለመዱት። አዲሱ ሰፈራቸው ጋሪ የሚሳፈር ስለሌለው ምስክርነቱ መዋያ ሆነላቸው። ክረምቱ ሲወጣ በምስክርነታቸው የታሰሩት አንድ ከሰዓት ነበር። በገና ሰሞን ሦስት ቀን ሆነ። ጥቅምት ላይ ያልነበረ አንድ ወንድምም ጨመሩ።

“ኦቦ ገመዳ፣ ያ ወንድምዎ ማን ነው?” አላቸው ንዋይ ለብቻቸው ሲሆኑ።

“ሞቷል።”

“አልተወለደማ!”

“ታዲያ ለምን ትቆጣለህ? ያልተወለደ ሰው ይጎዳል?” ጥፍር የሌለውን ጣታቸውን አሹ። “ንዋይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ትናንት ስናገር እንባዬ መጣ። ከየት መጣ?”

“ከየት መጣ?”

“አላውቅም። እኔ እኮ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው በጥፊ መትቶኛል። እውነቴን ነው። አርሲ ነው፤ በልጅነቴ። እሱን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።” ተነሱ። “እዚህ ቀለበቱ አለ፣ ሰውም ይሰማል። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ ቅሬታ የለኝም።”

የ1977 ፋሲካ ደረሰ። በሰሜን ሰው በረሃብ የሚያልቅበት ዓመት ነበር፤ ናዝሬትም ዘይትና ዱቄት በሰልፍ ነው። መሰለች ጾሙን ሙሉ ስታጠራቅም ከርማ ከአዋሽ መልካሳ በኩል አንድ ቀይ ሙክት አስመጣች። አዲሱ ቤታቸው አጥር የለውም፤ ሲመሽ ከጀርባው ካለው ገደል ጅብ ይመጣል። ቅዳሜ ሹር ጠዋት በጉን እየጎተተች ከተማውን አቋርጣ ቤተ መዘክሩ ደጃፍ ቆመች።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ንዋይ።

“በግ ነው። አታውቀውም?”

“እዚህ ምን ይሠራል?”

“እስከ ነገ ይታሰራል። ቀለበቱን ለምንድን ነው የተከልከው?”

“መሰሉ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!”

“ቀለበቱ የኦቦ ገመዳ ጋሪ ነው። በጉ የእኔ ነው። ግንቡ የአብዱናሲር ነው። መንግሥት የቱ ጋ ነው ያለው?” አለችና አሰረችው። ቋጠሮውን ሳታይ አጠበቀችው፤ እጇ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጎብኚ አይመጣም። ንዋይ ሣር አመጣለትና በሩን ዘግቶ ሊሄድ ሲል የመኪና ድምፅ ሰማ። ጓድ ኢተፋ ነበር። ከኋላው ሣራ ወረደች፤ ከሣራ ኋላ ያ ፕሮፌሰር። መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፤ ቀለበቱን በደንብ ሊያነሳ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሏል።

ሁሉም ቆመው በጉን አዩት። በጉም አያቸው።

“ይህ ምንድን ነው?” አለ ኢተፋ። በጆሮው በኩል አንድ የደም ሥር ተገትሯል። በዚያ ዓመት ካድሬ ፊት የፋሲካ በግ በመንግሥት ቤት ማሰር ከሥራ የሚያስባርር ብቻ አይደለም። ንዋይ የሥራውን፣ የአንዲቱን ክፍልና የራሱን ዕጣ በአንድ ጊዜ አሰበ። ከዚያ ዱላውን አነሳና አመለከተ።

“ይህ ደግሞ” አለ፣ “ጭሰኛው ለባላባቱ ሲገብር የነበረው በግ ነው። ግብሩን ያላመጣ ራሱ ይታሰር ነበር። ሥዕሉ የተሟላ እንዲሆን ብለን ነው።”

ሣራ ከንፈሯን ነከሰች። ነገ ለእሷም ፋሲካ ነው። “ጋሼ ንዋይ፣ ይህንንም?”

“ይህንንም።”

“እሱ እንደሚለው” ብላ ጀመረች።

ፕሮፌሰሩ እጁን አጨበጨበ። በሦስት አገር ቤተ መዘክር አይቻለሁ፣ ሕይወት ያለው ቅርስ ያየሁት ግን እዚህ ብቻ ነው አለ። በጉ ከግራ ተነሳ፤ ከቀኝ ተነሳ፤ ከኢተፋ ጋር ተነሳ። የኢተፋ ሥር ቀስ እያለ ተመለሰ።

“ጥሩ ተነሳሽነት ነው፣ ጓድ ንዋይ” አለው። “ቋሚ ይሁን። በጉ በቤተ መዘክሩ ንብረትነት ይመዘገባል።”

“በጉ?”

“ፉርሽካ ከቀበሌ ሱቅ በቋሚነት ይሰጠዋል። እንግዶቻችን ሲመለሱ እንዲያገኙት። እንዳይከሳ ተጠንቀቅ።”

ያን ሌሊት ንዋይና መሰለች ከቅዳሴ ተመልሰው ጾማቸውን በእንቁላል ፈቱ። ጠዋት ኦቦ ገመዳ ትንሽ የበሬ ሥጋ በሳህን ይዘው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ መሰለችን አይተው አቆሙ።

“መሰለች፣ አይዞሽ” አሉ። “ሌላ በግ ይገኛል።”

“በጉን አይደለም” አለች። ሳህኑን ተቀበለች። “ስንት ልጅ ወለድኩበት። ስንት ዓመት ግድግዳ ለቀለቅኩ። ከኛ ቤተሰብ እዚያ ቤት ተመልሶ የገባው በጉ ብቻ ነው።”

ማክሰኞ ቤተ መዘክሩ ሲከፈት አንድ የአስተማሪዎች ቡድን መጣ። ንዋይ ከደጃፉ ጀመረ። ቀለበቱን፣ የተንበረከኩትን፣ የፈሰሰውን ደም ተረከ። ወደ ግብሩ ሲደርስ በጉ ጮኸ። ንዋይ ዱላውን እንደዘረጋ እስኪጨርስ ጠበቀው፤ አሁን በቤቱ ያለው በጉ እንጂ እሱ አይደለም። ከዚያ ቀጠለ።